ቅዳሜና እሁድ የሚያርፍ እንጉዳይ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 5፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬም ጽሑፌን አልላክሁም። ኢንተርኔት ቤቱ መብራት የለም። የመጽሔቱ አዘጋጅ ሁለቴ ደወለ፤ ሁለቴም «መንገድ ላይ ነው» አልኩት። መንገድ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ጽሑፉማ ገና ሆዴ ውስጥ ነው።

ተይው እሱን። ከሱ የባሰ አለኝ። ደንግጬ ነው የመጣሁልሽ፣ ማስታወሻዬ።

ከጎረቤቴ ከታደለች ግቢ ነው የመጣሁት። ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ተደራጅተው ጓሮ ባለችው የጭቃ ክፍል እንጉዳይ ያበቅላሉ። የተቀቀለ ጭድ በላስቲክ ከረጢት ጠቅጥቀው፣ ከአረካ የመጣ ዘር አስገብተውበት፣ መደርደሪያ ላይ ሰቅለውታል። ለነቢያት ጾም ሆቴል ይረከባቸዋል ተብሏል። መጀመሪያ ሲነግሩኝ «የጅብ ጥላ ልታበሉን ነው?» ብዬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። አሁን የስንቱ ቤት ተስፋ እዚያ ክፍል ውስጥ ተንጠልጥሏል፤ ሳቄን ውጬዋለሁ።

ዛሬ ማርቆስ የሚባለው የማስተርስ ተማሪ መጣ። ቀጭን፣ ዓይነ አፋር፣ ሸሚዙ ሁሌ የተተኮሰ። (አላገባም። ጠይቄ ነው።) ጥናቱ የእንጉዳይ ትንፋሽ ላይ ነው አለን። ሳቅን። የምን ትንፋሽ?

ዝም ብሎ ያንን ግድግዳ የምንቀባውን ኖራ በውሃ በጥብጦ፣ አዝቅጦ፣ ጠለል ያለውን በብርጭቆ ቀዳ። የቡድኑ አዛውንት ወ/ሮ ባሎቴ የለስላሳ መጠጫ ስትሮ ተሰጣት፤ እፍ በይበት ተባለች። እፍ አለች። ውሃው ወተት! ከሳንባችን የሚወጣው የተቃጠለ አየር ነው እንዲህ የሚያደርገው አለ። ከዚያ ሌላ ብርጭቆ የኖራ ውሃና አንድ የእንጉዳይ ከረጢት ባልዲ ውስጥ አስቀምጦ ከደነ። ሻይ ጠጣን። የሰውን ስም አንስተን ጣልን። ከፈተው።

በስመ አብ! ላዩ ላይ ስልባቦት ሠርቷል።

ክው አልን። ከጎመን ወገን ነው ብለን የያዝነው ነገር ይተነፍሳል። ሌሊትም፣ ቀንም፣ እንደኛው የተቃጠለ አየር ያወጣል። ባሎቴ ደረቷን ይዛ፣ «ታ ናዓው» አለችው፤ ልጄ ማለቷ ነው። «ይቺ እንጉዳይ እንደ ሰው ይተነፍሳል ካልክ፣ በጾም እንዴት ይበላታል?»

ማርቆስ ፊቱ ቀላ። ይሄ በጥናቱ የለም።

«ወጥ ውስጥ ሲገባ ትንፋሹ ይወጣል፤ ብዪ» አለቻት ታደለች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 9፤ ጠዋት

ጋሽ ፀጋዬ አሁን በመስኮቴ አለፈ። የታደለች ባል። ኮት፣ ከረቫት፣ ቦርሳ፣ «እንዴት አደርሽ ሙሉ»። ሰዓቴ ቢቆም በሱ እሞላዋለሁ። በዚያ ቢፒአር በሚሉት የመዋቅር ለውጥ ጣጣ መ/ቤቱ ስንቱን «ተንሳፋፊ» ብሎ ሜዳ ላይ ሲያስቀር እሱ ተርፏል፤ ራሱ ነው የነገረን፣ በዕድር ስብሰባ ላይ፣ ሳይጠየቅ።

ግን ሰሞኑን አላማረኝም። ፊቱ አመድ ነገር። ራሴን ራሴን ይላል፣ ስትል ነበር ታደለች። የደም ግፊት አለበት፣ ኪኒኑን ይረሳል። አንዳንዱ ደግሞ (እኔ አላልኩም) ወጣ ያለች ነገር ይዟል እንዴ ይላል። እኔ እንኳን አይመስለኝም። ሴት የያዘ ሰው ጫማውን ብቻ አይደለም የሚወለውል፤ ፊቱም ይወለወላል።

ያው ቀን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት። ማርቆስ መሣሪያውን ሰቀለ። የሳሙና ማስቀመጫ የምታህል ሣጥን፤ በባትሪ ትሠራለች። የክፍሉን የተቃጠለ አየር እየለካች በራሷ ትይዛለች፤ እሱ በየጊዜው መጥቶ ወደ ላፕቶፑ ይገለብጠዋል። ሁለት ነገር አዘዘ። አንድ፣ ውሃ መርጨት በማለዳና አመሻሽ ብቻ፤ ቀን ቀን ማንም አይግባ፣ የሰው ትንፋሽ ልኬቱን ያበላሻል። ሁለት፣ ግድግዳው ላይ የተበሱት የአየር ቀዳዳዎች በፍጹም አይደፈኑ።

ሁለተኛው ላይ ሁላችንም ጮኽን።

«ንፋስ ይመታታል!» አለች ባሎቴ።

እውነቷን ነው! ገና ጭድ ውስጥ ያለ፣ ያልጠና ነገር ለንፋስ ይሰጣል? አራስ በር ተከፍቶ ትተኛለች? የአረካ ሚኒባስ ላይ አንዱ መስኮት ቢከፍት የሚወርድበትን ስድብ ማርቆስ አያውቅም? ያውቃል፤ ለዚህ ነው ሁለቴ ያዘዘው። እኛም ሁለቴ እሺ አልን።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 17

ድንጋጤ ቁ. 2። እንጉዳዩ ወጣ፤ ባይወጣ ይሻል ነበር።

አንገት ብቻ! እያንዳንዱ ከረጢት ላይ ነጭ፣ ቀጭን፣ ረጅም አንገት፤ ጫፉ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ባርኔጣ። ባለፈው ማርቆስ በፎቶ ያሳየን የጆሮ ያህል የተዘረጋ ነበር። ይሄ የተራበ አሞራ መንጋ ነው። ሴቶቹ በር ላይ ቆመው ያማትባሉ። አንዷ ዓይን በላው አለች። ሌላዋ ያቺ ሣጥን ጉልበቱን መጠጠችው።

ማርቆስ አመሻሽ ላይ ደረሰ። እንጉዳዩን አላየም፤ ቀጥታ ግድግዳውን። ቀዳዳዎቹ በጨርቅ ተጠቅጥቀዋል። ሁሉም። ልክክ ተደርገው፣ በጥንቃቄ። ፊቱ ተለወጠ። የራሱ ትንፋሽ መልሶ አፈነው፣ አየር ፍለጋ ነው አንገቱን የሚሰግገው አለ። ሰው ገንዳ ውስጥ ሲሰጥም አገጩን እንደሚያነሳው። አቤት! ከዚያ በኋላ እነዚያን አንገቶች ማየት አልቻልኩም።

ማን ደፈነ? ሁሉም ማለ። ሁሉም ባሎቴን አየ፤ «ንፋስ ይመታታል» ያለችው እሷ ናት። ባሎቴ አለቀሰች፣ «እኔ ሌባ አይደለም፣ ጨርቅ አልነካሁም» እያለች። እኔ አምናታለሁ። ቁመቷ እዚያ አይደርስም።

ታደለች ብቻ አልማለችም። መሬት መሬት ታያለች። ሆቴሉን አስባ ይሆናል። እንዲህ ያለ ቀጭን ነገር ማን ይገዛቸዋል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 25፤ ከቀኑ 9 ሰዓት

ቀዳዳው ተከፍቶ ነበር፤ እንደገና ተደፍኗል። ይህን ያህሉን አስቀድሜ ልንገርሽ።

ማርቆስ ዛሬ በምሳ ሰዓት ልኬቱን ገልብጦ እኔ ዘንድ መጣ፤ እኔ ቤት መብራት ስላለ። ላፕቶፑን ከፈተና ግራ ተጋባ። ምነው አልኩት። መስመሩን አሳየኝ። እንጉዳይ ሲተነፍስ ቀንና ሌሊት ብዙም አይለዋወጥም፣ ትንሽ በሙቀት ከፍ ዝቅ ይላል አለ። ይሄ ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሽቅብ ይወጣል። ስድስት ተኩል ላይ ይወርዳል። ሰባት ተኩል ላይ ደግሞ ይወጣል። አስራ አንድ ተኩል ላይ መውረድ። በማግስቱም። በማግስቱም። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሜዳ! ሰኞ እንደገና ሁለት ተኩል።

እኔማ በሳቅ ሞትኩ። እንጉዳዩ የመንግሥት ሠራተኛ ነው አልኩት። ምሳ ይወጣል፣ ቅዳሜና እሁድ ያርፋል፤ ፈርሞ ይገባል እንዴ? ማርቆስም ሳቀ፣ ጥርሱን ያየሁት ገና ዛሬ ነው። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል፣ እቀይረዋለሁ አለ። ከሰዓት በኋላ ላይማ ልኬቱ ከመሣሪያው አቅም አልፎ፣ ቁጥር መጻፍ ትቶ ሰረዝ ብቻ ያሰምራል። እንዲህ በታፈነ ቤት ሰው ቢውልበት ራሱን ይፈልጠዋል፣ ያደነዝዘዋል፣ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ በሽታ ያለበት ሰውማ ከነጭራሹ ላይነቃ ይችላል፣ ብሎኝ፣ ሻዩን ጨርሶ፣ ሄደ።

ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር። ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ።

እንጉዳይ ስድስት ሰዓት ተኩልን በምን ያውቃል?

እዚያ ቤት የሚገባ ነገር አለ። የሚተነፍስ። ገብቶ የሚውል፣ ምሳ የሚወጣ።

ሌባ ነው? ሌባ የሥራ ሰዓት አያከብርም። ጥንዶች ናቸው? (አሳቤ ወዴት እንደሚሮጥ ታውቂያለሽ፤ እንጀራዬ ነው።) ነገ ጠዋት ታደለች ገበያ ትወጣለች። አያለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 26፤ 5 ሰዓት ከሩብ

ፊደሌን ይቅር በይኝ።

አራት ሰዓት ላይ ሄድኩ። በሩ ከውስጥ ገፋ ተደርጓል እንጂ አልተቆለፈም። ገፋሁት። ሙቀት። የረጠበ ጭድ ሽታ። ጨለማ፤ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል። ዓይኔ እስኪለምድ ቆምኩ። መጀመሪያ የታየኝ ጫማ ነው። የተወለወለ ጥቁር ጫማ፤ ሁለቱም እግሮች ጎን ለጎን፣ ልክ እንደ ቢሮ።

ጋሽ ፀጋዬ!

ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ከከረጢቶቹ መሀል። ኮቱን ለብሶ፣ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ። አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል። አፉ ተከፍቷል። ጋሽ ፀጋዬ አልኩ። ዝም። ነካሁት። ላብ፣ ቀዝቃዛ ላብ። ነቀነቅሁት። ዝም! ሞቷል አልኩ። ከዚያ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ጉልበት መጣልኝ፤ ከነወንበሩ ጎትቼ በር ላይ አወጣሁት። ጨርቁን ሁሉ ከግድግዳው መነጨቅሁ። ውሃ ረጨሁበት፣ የእንጉዳዩ መርጫ ነበር ቅርብ ያለው።

ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ያለው ምን ይመስልሻል?

«ሰዓቱ ደረሰ እንዴ?»

የሥራ መውጫ ሰዓት።

ልቤ ተሰበረ። ልቤ ተሰበረ፣ ማስታወሻዬ።

ቀስ ብሎ ነገረኝ። ክረምቱ ሳይወጣ ነው ከመ/ቤት የለቀቀው፤ ለሱ የሚሆን መደብ የለም ተባለ። ለታደለች እንዴት ልንገራት? ዕድር ላይ «ተርፌያለሁ» ያልኩት ሰውዬ! መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ዋለ፤ ሰው ሰላም አለው። አንድ ቀን ወደ ገሱባ መውጫ በእግሩ ሄደ፤ አንድ የቀድሞ ባለጉዳይ ሞተር አቁሞ ልሸኝህ አለው። ሶዶ ላይ የማያውቀው የለም። ከዚያ ታደለች ለሴቶቹ «ቀን ቀን ማንም አይግባ ተብሏል» ስትል ሰማ። የጓሮው በር አለ። ገባ።

«ማንም የማይጠይቀኝ ቤት እሱ ብቻ ነው» አለኝ።

ቀዳዳውን አንተ ነህ የደፈንከው? አልኩት። አይደለሁም አለ። ሲመጣም ተደፍኖ ነው የሚያገኘው፤ ደስ ብሎታል፣ ከውጭ አያሳይም።

ይሄ ቤት ይገልሃል አልኩት፤ ማርቆስ ያለኝን ሁሉ ነገርኩት። እንጉዳዩ አንተ የምትስበውን አየር ነው የሚስበው አልኩት። ሰማ። ነገ አልገባም አለ። አስማለኝ፣ ለታደለች አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ። ማልኩ። ምን ላድርግ? የሰው ሚስጥር አውጥቼ የምበላ ሴት ነኝ፤ ይሄን ግን ማልኩ።

እዚያው ቀን፣ 11 ሰዓት ተኩል

አሁን በመስኮቴ አለፈ። ኮት፣ ከረቫት፣ ቦርሳ።

«እንዴት ዋልሽ ሙሉ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሽ ፀጋዬ፣ ሥራ እንዴት ዋለ?» አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

«ደህና ነው» አለ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 27፤ አመሻሽ

ወቅቱ ያልሆነ ዝናብ። የዳሞታ ተራራ ከጠዋት ጀምሮ አልታየም።

ጋሽ ፀጋዬ ቃሉን ጠብቋል። ጓሮ አልገባም። የት ዋለ? የአረካ ሚኒባስ ላይ! ረዳቱ ነው የነገረኝ፤ ወሬ ሳልፈልገው ነው የሚመጣልኝ። አረካ ይወርዳል፣ ተሻግሮ የመመለሻውን ይሳፈራል፣ ሶዶ ይወርዳል፣ እንደገና። ረዳቱ ንብረት የጠፋበት መስሎት «ፋዘር ምን ላግዝዎ» አለው። ከሰዓት መኪናው ተበላሸና በዝናብ በእግሩ። ሲገባ አየሁት። የከረቫቱ ቀለም ሸሚዙ ላይ ወርዷል። ያስላል። ሰላምም አላለኝ።

ደህና ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር። አሁን እንጃ። ካንዱ ሞት አውጥቼ ወደ ሌላው ነው የሰደድኩት? አፌ በመሐላ ታስሯል። አዘጋጁ ደውሎ «ልብ የሚነካ ነገር ላኪልኝ» አለኝ። ስልኩን ጠረቀምኩበት፤ ከርሱ ጋር ምን አጣላኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 28፤ 4 ሰዓት

ቁጭ በይ። እኔም ቁጭ ልበል።

ታደለች መጣች። በሩን ሳታንኳኳ። ነጠላዋን እንኳ አላጣፋችም። ዓይኗ ደም ለብሷል። አልተቀመጠችም።

«አንቺ ነሽ አይደለም ያባረርሽብኝ?» አለችኝ።

ማንን?

«ባሌን ነዋ! ሐሙስ ወንበሩ በር ላይ ነበር። ጨርቄም ተነጭቋል። የኔን ግቢ ሳይጠራ የሚገባ ካንቺ ሌላ ማን አለ?»

ታውቃለች! ደርቄ ቀረሁ። ታውቃለች። ከመስቀል በፊት ጀምሮ!

ኪኒኑን ረስቶ በወጣ ቀን ልትሰጠው መ/ቤቱ ድረስ ሄደች። ዘበኛው «እትዬ፣ እሳቸው እኮ ከለቀቁ ቆዩ» አላት። ቤት ተመለሰች። ለምሳ መጣ፣ በላ፣ «ስብሰባ አለብኝ» ብሎ ወጣ። እሷም «ቶሎ ሂድ፣ እንዳይረፍድብህ» አለችው። ማርቆስ ሣጥኗን በሰቀለ ማግስት፣ ከሰዓት እንጨት ልታነሳ ጓሮ ስትዞር ከእንጉዳዩ ቤት ሳል ሰማች። የሱ ሳል ነው፤ ከሺህ ሳል ትለየዋለች። በጫማዋ ጫፍ ተመለሰች። በማግስቱ ወንበር አስገባች፣ ለሴቶቹ ነው ብላ። እንዳይገቡበት በማርቆስ ስም ሁሉንም ከበር መለሰች። ምሳ ላይ ሥጋ ጨመረችለት፤ ደክሞት ነው የሚመጣው፣ ከሥራ።

«ቀዳዳውንስ?» አልኩ። ድምፄ የኔ አይመስልም።

«ንፋስ እንዳይመታዋ! ቀኑን ሙሉ ጭቃ ቤት ቁጭ ያለ ሰው፣ ያውም ላብ ላብ የሚለው፣ በዚያ ሁሉ ቀዳዳ እየገባበት? እኔ ነኝ የደፈንኩት። ማለዳ ውሃ ረጭተው ሲወጡ፣ እሱ ሳይገባ፣ በየቀኑ እኔ እደፍናለሁ። ትናንት በዝናብ ከሚበሰብስ እዚያ ቢሞቀው ምን አለ? አንድ መሸሸጊያ ነበረው፣ አንቺ እሷንም…»

ማልቀስ ጀመረች።

ምን ልበል? መሐላዬ ፈረሰ፣ ወይስ አልፈረሰም? እሷ ነች የነገረችኝ እንጂ እኔ አልነገርኳትም። አስቀመጥኳት። እንዴት እንዳገኘሁት ነገርኳት። አገጩን። ላቡን። ያልነቃበትን ጊዜ። ከረጢቶቹ እንደ ሰው እንደሚተነፍሱ አስታወስኳት፤ ያን ወተት የመሰለ ውሃ፣ ያን የተሰገገ አንገት። አየር ፍለጋ ነው ያለንን። ያ አየር የሱም ነበር አልኳት። የራሱ ፍልጠት፣ የፊቱ አመድ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለቱ፣ ሁሉ ከዚያ ወዲህ ነው የባሰው።

ለቅሶዋ ቆመ። ቢቀጥል ይሻለኝ ነበር።

እጆቿን አየቻቸው። መዳፏን ገለበጠች፣ መለሰች።

«በእጄ?» አለች። «በገዛ እጄ?»

ይሄን እንዴት ብዬ ልጻፍልሽ።

ስንት ዓመት ጽፌያለሁ፤ ስለ ባልና ሚስት፣ ስለ ክህደት፣ ስለ ቅናት። ሰው በፍቅር በሰው ላይ ጨርቅ ሲጠቀጥቅ ግን አላየሁም። ያውም አንድ በአንድ እየተመረጠ፣ ወፈር ወፈር ያለው።

ንገሪው አልኳት። ዛሬውኑ፤ አውቃለሁ በዪውና ይገላገል። ራሷን ነቀነቀች። አታውቂውም አለችኝ። «አውቃለሁ» ካልኩት በኋላ እንዴት ፊቴ ይቆማል? ያን ሁሉ ቀን «ስብሰባ አለብኝ» ሲል፣ እኔ «እንዳይረፍድብህ» ስል? ያን ቀን ከቤቴ ይወጣል፣ አይመለስም። ሰኞ ደግሞ ወይ አረካ ነው፣ ወይ መልሶ እዚያው ጉድጓድ ነው፤ ቀዳዳውን ብከፍተው እንዳይታይ ብሎ ራሱ ይደፍነዋል።

ተነስቼ ሻይ ጣድኩ።

ከዚያ ቀና አለች። ስለ ማርቆስ ጠየቀችኝ፤ ያቺን ሣጥን የሚጠብቅ፣ ቀዳዳውን የሚከፍት፣ በየሰዓቱ ልኬቱን የሚጽፍ ሰው ቢገኝ ይጠላል ወይ? በደስታ ይሞታል እንጂ ይጠላል እንዴ፣ የሰው ትንፋሽ መሆኑ ከታወቀ ቀንሶ ያሰላዋል አልኳት። ቡድኑስ? ባሎቴን ይቅርታ ጠይቄ እጀምራለሁ አለች፤ የሷን እንባ በልቻለሁና።

ነገ ከቅዳሴ በኋላ ምሳ ትመጪያለሽ አለችኝ። ለምን እኔ? «ብቻዬን ከሆንኩ አለቅሳለሁ» አለች። «አንቺ ካለሽ አፍራለሁ።»

እሁድ፣ ጥቅምት 29፤ 9 ሰዓት

አሁን ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው፤ አንዲት ቃል እንዳታመልጠኝ።

ቦዬ ሥሩ ተቀቅሏል፣ ዳጣ በርበሬው ዓይን ያስነባል። ደግነቱ ለእንባ ሰበብ አለ። ጋሽ ፀጋዬ ራስጌ፤ ሳሉ በረድ ብሏል። ስለ ስብከቱ አወራን፣ ስለ ዝናቡ። ማንም የማንንም ዓይን አያይም። ታደለች ሦስቴ ጀምራ ሦስቴ ጨው ልታመጣ ተነሳች። ጨው አላነሰውም።

በአራተኛው ተቀመጠች።

«እንዲያው አንተ ብዙ ሰው ታውቃለህ፤ ለእንጉዳያችን ሰው ፈልገን ቸግሮናል» አለች።

የያዘው ቦዬ እጁ ላይ ቀረ።

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ጽሑፍ የሚችል። በሰዓቱ የሚገባ፣ በሰዓቱ የሚወጣ። መሣሪያዋን አይቶ ይጽፋል፣ አየሩን ይቆጣጠራል። ክፍያው እንደ እንጉዳዩ ነው፤ ለጊዜው ትንሽ ነው።»

እኔ ዳጣ ጎረስኩ፣ ያለ ምንም ነገር፣ ዳጣ ብቻ።

«ዕድሜው?» አለ።

«በሰል ያለ ይሻለናል። ልጆቹ ስልክ ሲነካኩ ይውላሉ።»

ጣቱን ጠረገ። አንድ በአንድ። ከዚያ ወደ ግድግዳው እያየ፣ «አንድ ሰው አውቃለሁ» አለ።

«ጨዋ ነው?»

«ሚስቱን ይፈራል።»

«እሱማ ጥሩ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ጫፉ ላይ ተሰበረ፣ ሳል አስመሰለችው። እኔም ሳልኩ። ቤቱ ሳል በሳል ሆነ።

ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ፍርፋሪ እንደምትለቅም፣ በቀስታ፣ «ብቻ አንድ ነገር አለ» አለች። «በሩም ቀዳዳውም ተከፍቶ ነው የሚውለው። ንፋስም ይግባ፣ ይግባ። ካልሆነ ሰውየውም እንጉዳዩም ይታፈናሉ። ታዲያ ከመንገድ ይታያል። በዚያ የሚያልፍ ሁሉ እዚያ እንደተቀመጠ ያየዋል፣ የቀድሞ ባልደረባውም፣ የዕድር ሰውም። ይችለዋል?»

እዚህ ላይ እኔ መተንፈስ አቆምኩ። እውነቴን ነው። ቦርሳው በር ሥር እንደተቀመጠ ነው፤ አንዴ ወደዚያ አየ። ሊነሳ መሰለኝ። እጆቹ ጠረጴዛውን ያዙ፤ ለቀቁት። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ታደለች አላየችውም፤ ፍርፋሪውን ትለቅማለች፣ ያለቀውን።

«ይዩት» አለ።

ከነገ ጀምሮ።